ዜሮ የጎደላቸው ሦስት ካርዶች

አናጺው አልጋ ቁጥር ሰባት ላይ እንደተኛ ነበር። መርማሪዋ ስትደርስ ፊቱ ተሸፍኗል፤ ከአንሶላው የወጣው ቀኝ ክንዱ ግን እስከ ትከሻው ሽፍታ ለብሷል። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፔኒሲሊን ተወጋ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ትንፋሽ አጥሮት ሞተ።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መዥገር» ይሏታል፤ ከያዘች አትለቅም። የተላከችው የወጋችው ነርስ ትከሰስ ወይስ አትከሰስ የሚለውን እንድትወስን ነው።

ነርሷ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። መድኃኒቱ እንደማይስማማው ታውቅ እንደሆነ ስትጠየቅ የዕለቱን የታተመ ዝርዝር ዘረጋች። በአናጺው ስም አንጻር «የማይስማማው መድኃኒት፦ የለም» ይላል። ቀኑም የዛሬ ነው።

ዝርዝሩ የሚመጣው የሆስፒታሉን መረጃ ሁሉ ከሚይዘው፣ ምድር ቤት ካለው ዳታቤዝ ሰርቨር ነው። ሐኪሞች እዚያ ይመዘግባሉ፤ የክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ያለው የሰንጠረዥ ፋይል ደግሞ ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝቷል። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ በየጠዋቱ ፋይሉን ስትከፍተው አዲሱን መረጃ ይስባል፤ እሷም አትማ ታድላለች።

አናጺውን የሚከታተለው ሐኪም በራሱ ኮምፒውተር አሳያት። ከአናጺው የድሮ ካርድ አግኝቶ፣ ፔኒሲሊን እንደማይስማማው ሰኞ ከሰዓት በኋላ መዝግቧል። መርፌውን ትናንት ያዘዘው ተረኛ ሐኪም ግን ያየው የታተመውን ዝርዝር ነው።

የኮምፒውተር ባለሙያው ሰርቨሩ አንድ ቀን እንኳ እንዳልተኛ ተናገረ። የሆነ ነገር ቢኖር፣ እሑድ ዕለት የሁሉም የይለፍ ቃል መቀየሩ ብቻ ነው።

«ኮምፒውተር አይዋሽም፣ እመቤቴ» አለ ፈገግ ብሎ። «የሚዋሸው ፊቱ የተቀመጠው ነው።»

የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ጎልማሳ ናት። ፋይሉ ምንም እንዳልሆነ ደጋግማ ተናገረች።

«ከሰኞ ወዲህ ሦስት አዲስ በሽተኞች ተኝተዋል፤ ሦስቱም ዝርዝሩ ላይ አሉ። ፋይሉ ቢበላሽ ኖሮ ማን አመጣቸው?»

መርማሪዋ የሁለት ሳምንት ዝርዝሮች አስመጣችና መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ማስመሪያ እያስደገፈች መስመር በመስመር አየቻቸው። ከዚያ የክፍሉን ፋይል አስከፍታ ጥቂት ቆየችና አራቱንም ጠራች። የሟቹ ልጅም ሳትጠራ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ሂጂ ለማለት የደፈረ የለም።

መርማሪዋ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። አልጋ አራት ላይ የነበረው በሽተኛ ማክሰኞ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ ዝርዝሩ ላይ ግን ዛሬም ተኝቷል። ቀኑን ፕሮግራሙ ራሱ ስለሚጽፈው አሮጌው መረጃ በየጠዋቱ አዲስ መስሎ ይታተማል። ፋይሉ ከእሑድ ወዲህ ከሰርቨሩ አንዲት ቃል አልሳበም።

«ሦስቱስ?» አለ ሐኪሙ።

«የካርድ ቁጥር ሁሉ በዜሮ ይጀምራል። ከሰርቨሩ ሲመጣ ዜሮው አብሮት ይመጣል። በእጅ ሲጻፍ ግን ይህ ሰንጠረዥ ከፊት ያለውን ዜሮ ይጥለዋል። የሦስቱ ቁጥር ዜሮ የለውም። ስለዚህ ፋይሉ መሞቱን ያወቀ ሰው፣ እንዳይታወቅ እያስታመመው ነበር።» ወደ ባለሙያው ዞረች። «ፋይሉ ሰርቨሩን የሚያንኳኳው በማን ስም እንደሆነም አየሁ። ባንተ ነው።»

የባለሙያው ፈገግታ ጠፋ። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ መነጽሯን አወለቀች።

«ሰኞ ጠዋት አዲስ መረጃ አልስብ ብሎኛል አላልኩህም?»

«አክስቴ፣ ነገ እመጣለሁ አልኩሽ እኮ...»

«ነገ፣ ነገ አልከኝ።»

የቀረውን አክስትየው ተናገረች። ለእሷ የራሷን የይለፍ ቃል ለማውጣት የሦስት ኃላፊ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ልጁ እንዳትንገላታ ብሎ የራሱን የይለፍ ቃል ፋይሉ ውስጥ አስገባላት፤ ይህ ደግሞ ከሥራ ያስባርራል። እሑድ ቃሉ ሲቀየር ግንኙነቱ ተቋረጠ። ወንድሟ ሲሞት አደራ ብሎ የተወላት ልጅ ስለሆነ አፏን ዘጋች። አዲስ የሚገቡትን ከካርዳቸው እያየች ጻፈች፤ እንደ አናጺው ከእሑድ በፊት በተኙት ላይ የተለወጠውን ግን የምታይበት መንገድ አልነበራትም።

መርማሪዋ የምርመራ ማኅደሩን ዘጋች። «አንቺ ነጻ ነሽ፣ ሲስተር። የተሰጠሽን ወረቀት አምነሽ ነው የሠራሽው።»

ነርሷ ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ነግሮኝ ነበር» አለች። «ክንዱን ሳጸዳለት ‹ልጄ፣ ይሄ መርፌ ድሮ ሊገድለኝ ነበር› አለኝ። ወረቀቱን አየሁና ‹አባባ፣ እዚህ የለም› አልኩት። ‹እንግዲያው እናንተ ታውቃላችሁ› ብሎ ክንዱን ዘረጋልኝ።»

ከበሩ በኩል የሟቹ ልጅ ድምፅ መጣ፤ ቁጣ አልነበረበትም።

«አባቴ ማንበብ አይችልም። ወረቀት የያዘ ሰው ሁሉ እውነተኛ ይመስለው ነበር።»

መርማሪዋ ማኅደሩን መልሳ ከፈተች። ብዕሯን አንስታ ለረጅም ጊዜ ባዶውን ገጽ አየችው፤ ነርሷም እስክትጽፍ ጠበቀቻት።