በር ለተሸከመች ሴት

ዘፈኑ መጥፎ ነበር፤ ሂዳያ ግን «አሪፍ ነው» አለች።

ስህተቱ ይኸው ነው። ሱረያ ጣቶቿን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው የሂዳያን ፊት ነበር። የሙዚቃ ክበቡ ልጆች ያጨበጭባሉ። ሂዳያ ደክሟታል። ዴስኮቹ ስለተቃጠሉ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስትማር ውላ ወገቧ ሊቆረጥ ደርሷል፤ ቤት ስትደርስ ደግሞ ውሃ መቅዳት አለባት። እውነቱን መናገር ጉልበት ይጠይቃል፤ «አሪፍ ነው» ለማለት ግን አፍ መክፈት ይበቃል።

ክፍሉ ድሮ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ጦርነቱ ሐይቅ ከተማ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ መጻሕፍቱ ማገዶ ሆኑ፤ መደርደሪያዎቹ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ባዶ በቀረው ግድግዳ ላይ የአሥረኛ ክፍሉ ኡበይድ በተራረፈ ቀለም ሥዕል ሠራበት። አንዲት ሴት በር ተሸክማ ዳገት ትወጣለች። ጎንበስ ብላለች፤ በሩ ከቁመቷ ይበልጣል። ከኋላዋ ሐይቁ አለ፤ ቀለም ስላለቀበት ግን ሰማያዊ የሆነው ግማሹ ብቻ ነው፤ የቀረው ነጭ ግድግዳ ነው። የክበቡ አስተማሪ ቲቸር ዘይኑልአቢዲን «ለቅዳሜው የወላጆች ቀን ከዚህ ሥዕል ተነስቶ ዜማ የሚሠራ ማን ነው?» ሲሉ እጇን ያወጣችው ሱረያ ብቻ ነበረች።

በሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት የሂዳያ እናት፣ እትዬ ሐቢባ ናት። ኡበይድ ጎረቤታቸው ስለሆነ የሣለው በዓይኑ ያየውን ነው።

ሱረያ የሠራችው ደግሞ እንዲህ ይላል፦

«ዋይ ዋይ አለች እናት በሯን ተሸክማ፣
እንባዋ ሐይቅ ሆነ ለመላው ከተማ።»

የመጀመሪያዋ «ዋይ» ብቻዋን ውጫሌ ደርሳ ትመለሳለች። ሱረያ ድምጿን እያርገበገበች ስታስረዝማት ሰው በመሃል ሻይ ጠጥቶ መምጣት ይችላል። ከሥር የኪቦርዱ ከበሮ ዱም ታክ፣ ዱም ታክ ይላል፤ ሙሽራ የሚገባ ነው የሚመስለው።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ጀሪካኖቻቸውን ይዘው የውሃ ቦኖው ጋ ወረፋ ያዙ። ሱረያ ዝም ማለት አልቻለችም።

«ቅዳሜ እትዬ ሐቢባ ይመጣሉ አይደል?»

«ትመጣለች።»

«ፊት ለፊት እናስቀምጣቸዋለን። ስዘፍን በእጄ አሳያቸዋለሁ። ወላሂ የማያለቅስ ሰው አይኖርም። በስልክ ቀድቼ ለእማም እልክላታለሁ።»

የሱረያ እናት ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ስትሄድ ሱረያ ገና ፊደል ቆጣሪ ነበረች። ኪቦርዱንም የላከችላት እሷ ናት።

ሂዳያ የቅዳሜውን ነገር አሰበችው። እናቷ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የከተማው ሰው ሁሉ አንገቱን አዙሮ ያያታል፤ ከንፈሩን ይመጥጥላታል። አንዷ መጥታ መሐረብ ትሰጣታለች። እናቷ ለምን እንደተሰጣት አይገባትም።

በሩ የተገኘ ዕለት ሂዳያ አብራት ነበረች። ተዋጊዎቹ የሰዉን በር እየነቀሉ ሐይቁ ዳር ማሳ ውስጥ የምሽግ ክዳን አድርገውት ነበር። እናቷ አፈሩን በእጇ ጠርጋ የራሷን አወጣች። አንዲት ሴትዮ ግን «የኔ ነው» ብላ በሌላው ጫፍ ያዘችው። እናቷ ማጠፊያውን አሳየቻት፤ ከሥሩ የአሮጌ ጫማ ጎማ ተመትቶበታል።

«ያንቺም ባል ጫማውን በር ላይ ይመታል?» አለቻት።

ሴትዮዋ ሳቀችና ለቀቀች። ከዚያ እናቷ በሩን ጀርባዋ ላይ አደረገችው። ሂዳያ ልትረዳት ስትጠጋ «ዞር በይ፣ መንገድ አትዝጊብኝ» አለች። ከዚያ ወዲያ ቤት እስኪደርሱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አላለቀሰችም። በምን ትንፋሿ ታልቅስ?

«ሱሬ» አለች ሂዳያ።

«ወይ።»

«ዘፈኑ አሪፍ አይደለም።»

ሱረያ ሳቀች። ሂዳያ አብራት እንዳልሳቀች ስታይ አቆመች። «ቅድም አሪፍ ነው ያለችኝ ማን ናት ታዲያ? መንትያሽ ናት?»

«ደክሞኝ ነው።»

«ሰው ሲደክመው ይተኛል እንጂ ይዋሻል እንዴ?» ጀሪካኗን በእግሯ ገፋ አደረገችው። «እሺ፣ ምኑ ነው መጥፎ?»

ሂዳያ «ሁሉ ነገሩ» ልትል ነበር፤ «ሁሉ ነገሩ» ደግሞ ለማንም አይረባም። «በጣም ያለቅሳል» አለች በመጨረሻ።

«ጦርነት ነው እኮ። ላስቅሽ ነበር?»

«እማዬ አላለቀሰችም።»

«ዘፈን ነው እንጂ ዜና አይደለም፣ ሂዳያ።»

እውነቷን ነው። መልስ ያጣ ሰው ደግሞ እጁ የገባውን ይወረውራል። «አንቺ የምታለቅሺው ለራስሽ እናት ነው» አለች። «ለዚያ ብለሽ በኔ እናት ላይ አትዋሺ።»

ሱረያ ፊቷን ወደ ቧንቧው አዞረች። ጀሪካኗ ሞልቶ ይፈስሳል፤ አታየውም።

«እናንተ ልጆች፣ ውሃው አለቀ» አሉ ከኋላ ያሉ አሮጊት። «መጣላቱን ዞር ብላችሁ ተጣሉ፤ እኔ ጾመኛ ነኝ።»

ጀሪካኖቻቸውን በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረው ዳገቱን ጀመሩ። ሱረያ ከፊት ትሄዳለች። ወትሮ መንገዱን ሙሉ የሚያወሩት ነገር አያልቅባቸውም፤ አሁን የሚሰማው የሱረያ ነጠላ ጫማ ብቻ ነው። ሂዳያ ይቅርታ መጠየቅ እንዳለባት አውቃለች፤ ግን ይቅርታ ቢባልም ዘፈኑ ያው ዘፈን ነው፤ ቅዳሜም ያው ቅዳሜ ነው። ዓይኗ ሱረያ ጀርባ ላይ አረፈ። ከወገቧ ጎበጥ ብላ፣ አንገቷን ወደፊት ሰግጋ፣ ቢጫው ጀሪካን ከላይ ተጭኗት ትወጣለች።

«ሱሬ፣ ዝፈኚው።»

«ምን?»

«ዘፈኑን። አሁን፣ እንደተሸከምሽ።»

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«ወላሂ አይደለም።»

ሱረያ በንዴት አፏን ከፈተች። «ዋይ» አለች፤ «ዋይ» ግን ውጫሌ አልደረሰችም፤ እዚያው ከፊታቸው ካለው ድንጋይ ሳታልፍ ተቆረጠች። እንደገና ሞከረች። «ዋይ አለች እናት…» አየር ሳበች። «በሯን…» አንድ እርምጃ። «ተሸክማ…» ቆመች።

«አይወጣም» አለች እያለከለከች።

«አውቃለሁ።»

«ጀሪካኑ ነው።»

«እሷም በር ነበር ጀርባዋ ላይ።»

ሱረያ ዘወር ብላ አየቻት። ላቧ በአገጯ ይወርዳል። ሂዳያ አሁን የምትለውን ታውቃለች፤ ቢያንስ ከየት እንደምትጀምር ታውቃለች።

«የአሁኑ መቆራረጥ ልክ ነው፤ አታስተካክዪው። ‹በሯን› ካልሽ በኋላ ዜማው ወደ ላይ የሚወጣው ነገር ቅድምም ጥሩ ነበር፤ እሱን እንዳትነኪው። ከበሮውን ግን አውጪው፤ የሰርግ ነው። ‹ዋይ ዋይ›ን ተያት። ደግሞ ሥዕሉን እዪው፣ ግማሹ ባዶ ነው። አንቺ ባዶ ቦታ ባገኘሽ ቁጥር በኪቦርድ ትሞዪዋለሽ።»

«ኡበይድ ቀለም አልቆበት ነው እንጂ አስቦበት መሰለሽ?»

«አንቺም ትንፋሽ ይለቅብሽ።»

ሱረያ ገመዱን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ቻው ሳትል ወደ ሰፈሯ ገባች። ስለ ሱረያ እናት ቦኖው ጋ የተባለው ነገር አልተነሳም፤ ሁለቱም ግን ተሸክመውት ሄዱ።

በማግስቱ ሱረያ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ቲቸር ዘይኑልአቢዲን «ዘፋኟ ጠፋችብን እንዴ?» ብለው ሂዳያን ጠየቋት። ሂዳያ አላውቅም አለች። በውስጧ ግን ዝም ብላ «አሪፍ ነው» እንዳለች ብትቀር ምን ነበረበት እያለች ነበር። ቅዳሜ ያልፍ ነበር፤ ሰው ያጨበጭብና ይረሳው ነበር።

ዓርብ፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ሱረያ የእነ ሂዳያ በር ላይ ቆመች። ኪቦርዱን አልያዘችም። የሂዳያ እናት ወለሉ ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች።

«እትዬ ሐቢባ፣ ነገ ከመዝፈኔ በፊት ይስሙኝ ብዬ ነው። ስለ እርስዎ ስለሆነ።»

«ስለ እኔ? እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ?»

«በሩን ተሸክመው ሲመጡ የሆነውን ነው።»

«ወይ ጉድ፤ ምስር ለቀማ ላይ ዘፋኝ መጣልኝ» አለች እናቷ ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሳ። «ሂዳያ፣ በርጩማ ስጫት። ካላማረኝ ግን እነግርሻለሁ፣ ልጄ። ይሉኝታ አላውቅም።»

«ለዚያ ነው የመጣሁት።»

ሱረያ አልተቀመጠችም። ቆማ እጆቿን አጣመረች፤ ከዚያ፣ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሂዳያን አየቻት። ያኔ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እንዳየቻት ዓይነት ነው፤ ዓይኗ ከፊቷ ላይ አንድ ነገር ይለምናል። ሂዳያ እዚህ ከቆመች ሱረያ የምትዘፍነው ለሂዳያ ፊት ነው። ፊቷ ደግሞ ደክሞታል፤ ምን እንደሚል እሷም አታምነውም።

ጀሪካኑን አነሳች።

«ወዴት ነው?» አለች እናቷ።

«ውሃ።»

«ቅድም ቀድተሽ የለም እንዴ?»

ሂዳያ ወደ በሩ ሄደች። በሩ ከምሽግ ከመጣ ወዲህ ከመቃኑ ጋር አይስማማም፤ ጥግ ጥጉ ተሸራርፏል፣ ከሥሩም መሬቱን ይፍቃል። ከውስጥ ሱረያ ትንፋሽ ስትስብ ተሰማት፤ አጭር ትንፋሽ ነበር። ሂዳያ ወጣች። በሩን በትከሻዋ ትንሽ ከፍ አድርጋ ዘጋችው።