የእናቷ ከንፈር

«እግርሽ ይታያል» አለ አጎቷ። «ወንበሩን ወደ ኋላ ሳቢው።»

ልጅቷ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበችው። በመድረኩ ጎን የተሰቀለው ጥቁር መጋረጃ አቧራ አቧራ ይሸታል። መሐሉ ላይ ጣት የምታሾልክ ቀዳዳ አለች፤ በእሷ በኩል የእናቷ ፊት ከጎን ይታያል።

«አሁንስ?»

«አሁን ጥሩ ነው። ነገ ሕዝቡ ሲገባ ግን ጫማሽን አውልቂ፣ ኮሽታ እንዳይሰማ።»

«እሺ» አለች። ሰሞኑን ለሁሉም ነገር መልሷ «እሺ» ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ ዘፋኝ ናት። «ናት» ይባል ወይስ «ነበረች»፣ ከሕክምናው ወዲህ ቤታቸው ውስጥ ደፍሮ የወሰነ የለም። በልጅነቷ አንድ የሙዚቃ ክበብ ውስጥ ብርጭቆ አጣቢ ሆና ተቀጠረች። አንድ ምሽት ዋናዋ ዘፋኝ ቀረች። የባንዱ ሰዎች ግራ ተጋብተው ሳለ፣ ጓዳ ውስጥ ስታንጎራጉር ሰምቷት የነበረው የባስ ጊታር ተጫዋች እጇን እንኳ ሳያስደርቃት እየጎተተ መድረክ ላይ አወጣት። በማግስቱ ብርጭቆ የሚያጥብ ሌላ ሰው መፈለግ ነበረባቸው። መጀመሪያ የምትዘፍነው ሶል የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን ነበር፤ ከኋላዋ የተደረደሩትን ጥሩምባዎች ሁሉ በልጣ ትሰማ ነበር። ኋላ ወደ ጃዝ አዘነበለች። ባንዱ አነሰ፣ ድምጿ ዝግ አለ፣ አድማጯ ግን በዛ። ሸክላዎች አሳተመች፣ አገር ለአገር ዞረች፤ ልጇን ከመድረክ ጀርባ በጊታር ሣጥን ውስጥ እያስተኛች አሳደገች።

ባለፈው ዓመት ጉሮሮዋ ላይ ዕጢ ተገኘና ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ዳነች። ድምጿ ግን ወረደ፣ ተሰነጠቀ። ሐኪሟ «መዝፈን ትችያለሽ፣ ብቻ አትጩሂ» ብሏት ነበር። አንድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ ሞከረችው። ስትወጣ «በቃ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም፤ ሄዳ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች።

ልጅቷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንዝዛለች። ጥርስ ሐኪም መርፌ የወጋው ድድ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቢነክሱትም የሌላ ሰው ነው የሚመስለው። ሒሳብ ፈተና ወደቀች፣ ምንም አልመሰላትም። የክፍሏ ልጆች ስለ እናቷ ሲጠይቋት «ደህና ናት» ትላለች። አለማልቀሷ ራሱ ያሳፍራታል፤ ኀፍረቱም ቢሆን ሩቅ ነው።

አንድ ነገር ግን አላት፦ የእናቷ ድምፅ። ገና ትንሽ ሳለች ስልክ ስታነሳ ሰዎች እናቷ መስላቸው ወሬያቸውን ይቀጥሉ ነበር። ሙዚቀኞቹ «ኮፒ» ይሏታል። አጎቷ፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ የሥራዎቿ አስተዳዳሪ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ አፉ ግን ከሐሳቡ ይቀድማል። እህቱ ቀን ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጣ ስትውል ማየቱ አንጀቱን በላው መሰለኝ፣ አንድ ቀን ሬዲዮ ላይ ቀርቦ «ድምጿ ተመልሷል፣ መድረክ ላይ ታዩዋታላችሁ» ብሎ አረፈው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቲኬቱ ወዲያው አለቀ። ከዚያ በኋላ ነው ቤታቸው መጥቶ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ እቅዱን የነገራቸው፦ እናትየው ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ልጅቷ ከመጋረጃ ጀርባ ትዘፍናለች።

እናቷ ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች። ልጅቷ «እሺ» አለች። እምቢ ለማለት የሆነ ነገር ሊሰማት ያስፈልግ ነበር፣ ምንም አልተሰማትም።

በትምህርት ቤት፣ ቀጮ የምትባለው ጓደኛዋ ቲኬቷን ፊቷ ላይ እያወዛወዘች መጣች።

«አባዬን ነዝንዤ ነዝንዤ አስገዛሁት። እኔ የምልሽ፣ ድምጿ እንዴት ተመለሰ?»

«ቀስ በቀስ።»

«ቤት ውስጥ ትዘፍናለች ማለት ነው?»

«አዎ፣ ሁልጊዜ።»

«ታድለሽ» አለች ቀጮ።

ልጅቷ ዳቦዋን መብላት ቀጠለች። ለቅርብ ጓደኛዋ ዋሽታ ዳቦው እንደ ወትሮው ዳቦ ዳቦ ማለቱ ትንሽ ገረማት።

የዚያን ቀን ወደ ቤት ስትገባ ሸክላው ይጫወታል። እናቷ መኝታ ቤት መስታወት ፊት ቆማለች። ድምፅ ሳታወጣ፣ አፏን እየከፈተች እየዘጋች ከራሷ የቆየ ዘፈን ጋር ትሮጣለች። ሸክላው ላይ ያለችው ዘፋኝ አንዱን ቃል ስትስበው መስታወቱ ውስጥ ያለችው ጨርሳ ሌላ ቃል ላይ ደርሳለች። አንዲቱ ስትፈጥን ሌላይቱ ትዘገያለች። እናቷ መርፌውን አንስታ ወደ መጀመሪያው መለሰችው፤ እንደገናም ተሳሳተች።

«ነይ እስቲ» አለች በዚያ በሻከረ ድምጿ፣ ልጇን በመስታወቱ ውስጥ አይታ። «‹መብራቱን አታጥፋው› የምለው ጋ፣ የቱ ላይ ነው የሳብኩት?»

«‹መብራቱን› ላይ። ከዚያ ዝም ትያለሽ። ከዚያ ‹አታጥፋው›ን ቶሎ።»

«ለምን ቶሎ አልኩት?»

«እኔ እንጃ። ሸክላው ላይ እንደዚያ ነው።»

«ያን ቀን ቸኩዬ ይሆናል» አለች እናቷ። ልትስቅ ብላ ሳል ሆነባት። «በይ ቁጪ በይና አርሚኝ።»

ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እራት እስኪደርስ ድረስ እናቷን የእናቷን ዘፈን ስታስተምር ቆየች። «ቀደምሽ።» «አሁን ዘገየሽ።» «እዚህ ጋ አፍሽን አትክፈቺ።» እናቷም እንደ ታዛዥ ተማሪ «እሺ፣ እሺ» ትል ነበር። በቤታቸው «እሺ» የሚል ሰው ሁለት ሆነ።

የመጨረሻው ልምምድ ትዕይንቱ ሊቀርብ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ነበር። የድምፅ ባለሙያው ከኋላ መሣሪያው ፊት ተቀምጧል። የእናቷን ማይክ ዘግቶታል፤ የሚሠራው ልጅቷ በእጇ የያዘችው ብቻ ነው። በባስ ጊታሩ ላይ ያ ድሮ እናቷን ከጓዳ የጎተታት ሰውዬ አለ። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ታላቁም ታናሹም «ጋሽ ባስ» ይለዋል።

የመጀመሪያው ሙከራ ተበላሸ። ልጅቷ ሸክላውን ከነትንፋሹ ሸምድዳዋለች፣ አንዲት ነጥብ አትስትም። እናቷ ግን ሁለተኛው አንጓ ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ሌላ መንገድ ያዘ።

«እህቴ» አለ አጎቷ ከፊት ወንበር ተነስቶ፣ «ልክ እንደ ሸክላው። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።»

«ይቅርታ» አለች እናቷ።

ጋሽ ባስ ክሩን እየቃኘ ሳቅ አለ። «አንተ ሰውዬ፣ እሷ እኮ አንድን ዘፈን ሁለቴ በአንድ ዓይነት ዘፍና አታውቅም። ስንት ዘመን አብሬያት ስጫወት ጣቴ እንደተከተላት ነው። ሸክላው የአንድ ቀን ውሎ ነው።»

«ነገ ያንን የአንድ ቀን ውሎ ይዘን እንግባ ታዲያ።»

«እንዳልክ። ብቻ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ምክርህን ከትዕይንቱ በኋላ እሰማዋለሁ» አለ አጎቷ። ሙዚቀኞቹ ሳቁ፣ እሱም ሳቀ፣ እንደገና ተጀመረ።

ሁለተኛው ሙከራ አንድም ስህተት አልነበረበትም። ልጅቷ ስትስብ እናቷ ሳበች፤ ልጅቷ ስታቆም እናቷ አፏን ገጠመች። አጎቷ አጨበጨበ። «ይሄው። ይሄንን ይዘን ሌሎቹም ከተሞች መሄድ እንችላለን» አለ፤ የትኞቹ ከተሞች እንደሆኑ ግን እስካሁን አልነገራቸውም ነበር።

ልጅቷ በቀዳዳዋ አየች። የእናቷ ፊት ልክ ነበር፣ ዓይኗ ግን ልብስ መሸጫ መስኮት ውስጥ እንደሚያቆሟት አሻንጉሊት ዓይን ነበር። ያንን ፊት ታውቀዋለች። ጠዋት ጠዋት ጥርሷን ስትቦርሽ የምታየው የራሷ ፊት ነው። ሁለታቸው ደንዝዘው፣ አንዷ ከመጋረጃው ፊት ሌላዋ ከጀርባው፣ ከተማ ለከተማ ሲዞሩ ታያት። እሷ ካልዘፈነች ደግሞ እናቷ ወደ መስኮቱ ትመለሳለች፤ ምናልባትም ከዚያ በኋላ መድረክ የሚባል አትረግጥም። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ ማወቅ አልቻለችም።

«አንዴ እንድገመውና እንሂድ» አለ አጎቷ።

ሦስተኛውን ጀመሩ። ሁለተኛው አንጓ ጋ ሲደርሱ የእናቷ ትከሻ ሰበር አለ። ልጅቷ «መብራቱን» ላይ ስትስብ የእናቷ ከንፈር ቃሉን በአጭሩ ቆርጦ አለፈው። ዝም አለ። ከዚያ «አታጥፋው»ን ቀስ ብሎ፣ እየሰባበረ፣ ሸክላው ላይ በሌለ ቦታ አስቀመጠው። ልጅቷ መዝፈኗን ረስታ ታይ ጀመር። ከድምፅ ማጉያዎቹ የሚወጣ ዘፈን የለም። እናቷ ዓይኗን ጨፍናለች፣ መቋረጡን አላወቀችም፤ ከንፈሯ ይሄዳል። የሚገርመው ደግሞ ጋሽ ባስ ነው። እሱም ዓይኑን ከከንፈሯ ሳይነቅል ይከተላታል። ስትዘገይ ይዘገያል፣ ስታርፍ ያርፋል። ከበሮ መቺውም ቀስ ብሎ ገባ። በአዳራሹ ውስጥ አንድ ዘፈን እየተዘፈነ ነው፣ ልጅቷ ግን አትሰማውም።

መስማት ፈለገች። ከስንት ጊዜ በኋላ የሆነ ነገር መፈለጓ ነበር፤ ደረቷ ላይ ደንዝዞ የነበረው ቦታ ቆጥቆጥ አደረጋት። ደስ የሚል ስሜት አይደለም፣ ግን የራሷ ነው።

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሙዚቃው አንድ በአንድ ቆመ። እናቷ ዓይኗን ገለጠች።

«ምን ሆንሽ?» አለ አጎቷ። «ለምን አቆምሽ?»

«አልዘፍንም።»

«ደከመሽ? ውሃ ጠጪና...»

«አልደከመኝም። ነገም አልዘፍንም።»

አጎቷ ወደ መድረኩ ጠርዝ ቀረበ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይቀላት ነበር። «የኔ ልጅ፣ ነገ ሰው ሲስቅባት ማየት ነው የምትፈልጊው? እኔ እኮ ያንን ፈርቼ ነው።»

ሊስቁ ይችላሉ። ቀጮም ከመሐላቸው ልትሆን ትችላለች። ፈራች። «እኔም ፈርቻለሁ» አለች።

ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «እማ፣ ከንፈርሽ ሌላ ዘፈን እየዘፈነ ነው። እሱን መስማት እፈልጋለሁ።»

«ድምፅ የለውማ» አለች እናቷ።

«አለው።»

«ስንጥቅጥቅ ያለ ነው። ራሴ ሰምቼዋለሁ።»

«መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ በር ዘግተሽ፣ ብቻሽን ነው የሰማሽው። እኔ አልሰማሁትም።»

እናቷ ልጇን አየቻት። ፊቷ ላይ ቁጣ ይሁን ኀዘን አይለይም፤ ግን አሻንጉሊት አልነበረችም። ጋሽ ባስ እጁን ክሩ ላይ እንደጫነ ይጠብቃል።

«ሕዝቡን ምን ልበለው ታዲያ?» አለ አጎቷ፣ ለማንም ያልተባለ በሚመስል ድምፅ።

«ጉሮሮዋ ተቀይሯል በለው» አለ ጋሽ ባስ። «እውነቱ እሱ አይደል?»

ልጅቷ በእጇ የያዘችውን ማይክ ዘጋችና ለአጎቷ ሰጠችው። እሱም ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ተቀበላት። ደረጃዋን ወርዳ ባዶዎቹን ወንበሮች አልፋ መሐል ረድፍ ላይ፣ ሰው በሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጠች። እናቷ ማይኳን እንዲከፍትላት ለድምፅ ባለሙያው በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ ከማጉያዎቹ ትንፋሿ ተሰማ፣ ያልተስተካከለ፣ ሻካራ፣ አዳራሹን የሞላ።

«ከየት ልጀምር?» አለች።

ዘፈኑን ከነትንፋሹ የምታውቀው ልጅ ለአፍታ አሰበች።

«እኔ እንጃ፣ እማ» አለች። «ይሄኛውን አላውቀውም።»