እስኪደግም አቤት አትበይ

ይህ ታሪክ እውነት ነው።

"ሁሉም እንዲህ ይላል" እንደምትሉ አውቃለሁ። በሉ። እኔ ግን ወረቀቱን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ፤ ቀኑና ደቂቃው ታትሞበታል። ማክሰኞ፣ እኩለ ቀን ሊሆን አሥራ አራት ደቂቃ ሲቀረው። ቦታው እስራኤል፣ ኔታንያ መሀል ከተማ፣ የአንድ ክሊኒክ ምድር ቤት።

የደረሰው በአክስቴ ልጅ በኦርታል ላይ ነው። ኦርታል እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ወታደር ሆና ያገለገለች፣ ጋኔን ሲባል የምትስቅ ሴት ናት።

ነበረች ልበል። አሁን አትስቅም።

ታሪኩን የነገረችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል ነው። እንደነገረችኝ እነግራችኋለሁ።

ኦርታል በዚያ ክሊኒክ አስተርጓሚ ነበረች። ክሊኒኩ ምርምር ይሠራል። ጆሯቸው የደከመና ራሳቸውን የሚያዞራቸው አረጋውያን ይመረመራሉ። ለጥናቱ የተመረጠ ሰው ሕክምናውን ወዲያው ያገኛል። ያልተመረጠ ወረፋ ይጠብቃል፤ ወረፋው ደግሞ ከዓመት በላይ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ድምፅ የማያስገባ ጠባብ ክፍል አለ። ወፍራም በር፣ አንዲት ትንሽ የመስታወት መስኮት። የእኛ ሽማግሌዎች "ጎታው" ይሉታል፤ አገር ቤት እህል የሚከተትበትን የጭቃ ጎታ ቢመስላቸው ነው። ታማሚው እዚያ ይገባል፣ ማዳመጫ ያደርጋል፣ ቁልፍ በእጁ ይይዛል። ጢው የሚል ድምፅ ሲሰማ ቁልፉን ይጫናል። ሲጫን ውጭ ባለው መሣሪያ ላይ ቀይ መብራት ይበራል።

ሽማግሌዎቹ ግን ግራ ይገባቸው ነበር። አንዱ ይረሳል፣ አንዱ ሳያቋርጥ ይጫናል። ኦርታል ዘዴ ዘየደች።

"ሰው እንደጠራችሁ ቁጠሩት" አለቻቸው። "ስትሰሙ ቁልፉን ተጫኑ። አቤት እንደማለት ነው።"

ወዲያው ገባቸው። ኦርታልም በዘዴዋ ኮራች።

ምን እንዳደረገች ያወቀችው ዘግይታ ነው።

መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ዮአቭ ይባላል። ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ለሽማግሌዎቹ ሰላምታ እንኳ አይመልስም። አንድ ቀን የውጤት ወረቀቶቹን ጠረጴዛዋ ላይ ወረወረላት።

"ሰዎችሽ ይዋሻሉ።"

"ምን አልክ?"

"ድምፅ ሳልልክ ይጫናሉ። እኔን ደስ ለማሰኘት። ሁሉንም ከጥናቱ አወጣቸዋለሁ።"

ኦርታል ደሟ ፈላ። ልታሳፍረው ፈልጋ ወረቀቶቹን ቤቷ ወስዳ አንድ በአንድ አየቻቸው።

ስድስት ሰዎች ነበሩ። ስድስቱም በተለያየ ቀን የተመረመሩ። ስድስቱም በጸጥታ መሀል አንዴ ብቻ ተጭነዋል።

ሰዓቱን አየች...

እኩለ ቀን ሊሆን አሥራ አራት ደቂቃ ሲቀረው።

ስድስቱም።

በማግሥቱ ለዮአቭ አሳየችው። ወረቀቱን ሳያይ መለሰላት። "ሰዓቱ ተበላሽቶ ይሆናል። እኔን አትጨቅጭቂኝ።"

መጀመሪያ የተመረመሩት አባባ ጥላዬ ነበሩ። ኦርታል ቤታቸው ደወለች። ስልኩን ሚስታቸው እማማ ፈንታዬ አነሱት።

"አባባ ጥላዬ እንዴት ናቸው?"

"ራስ ማዞሩስ ለቆታል።" ድምፃቸው ቁጣ ነበረው። "ግና እኔን አይሰማኝም። አጠገቡ ቁሜ ብጮህ አይዞርም።"

"ጆሯቸው ደክሞ ይሆናል..."

"ጆሮው ደህና ነው! ቀትር ሲሆን ይነሳና ግድግዳውን ፊት ለፊት ቁሞ 'አቤት' ይላል።"

"ማን ጠርቷቸው?"



"እሱንማ እኔ ነኝ አንቺን የምጠይቅሽ። ምን አርጋችሁ ነው የላካችሁብኝ? ይሄ ባሌ አይደለም።"

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጉት።

እዚህ ላይ "ለምን አልተወችውም?" ትላላችሁ። እኔም ጠይቄያታለሁ። ምክንያቱ እናቷ ናት።

አክስቴ የሺሐረግ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ራሷን ያዞራታል። ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ ሁለተኛው ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ፣ ከአውቶቡስ ስትወርድ ነው። ግንባሯ ሰባት ቦታ ተሰፋ። ሐኪሙ "ሦስተኛውን አትችለውም" ብሏል። አንድ ዓመት ወረፋ ብትጠብቅ ሦስተኛው መምጣቱ አይቀርም። ኦርታል ደግሞ ከእናቷ በቀር ማንም የላትም።

ስለዚህ የሰማችውን ሁሉ በልቧ እርጅና ነው ብላ አለፈችው።

የእናቷ ተራ ማክሰኞ ነበር። ዮአቭ ገና ሲያያቸው አፉን ከፈተ።

"ይቺ ያለ ድምፅ አንዴ ከተጫነች፣ እሷም ሌሎቹም ወጥተዋል። ተግባባን?"

እናትየዋ በጎታው በር ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ስንት ሰዓት ነው?"

"ቀትር ሊሆን ነው። ግቢ እማዬ።"

"በቀትር ትከችኛለሽ?"

"እማዬ፣ ዳይ! ቶራችን ያልፋል!" በዕብራይስጥ በቃ፣ ተራችን ያልፋል ማለቷ ነው።

"ልጄ..." አለች በሹክሹክታ። "በቀትር የማታይው ሲጠራሽ አቤት አይባልም። ሰው ከሆነ ይደግማል። እሱ ግና አይደግምም። አንዴ ነው ሚጠራው።"

ኦርታል ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰምታዋለች። ዮአቭ ሰዓቱን እያየ በረጅሙ ይተነፍሳል። አፈረች። አፍራም ተቆጣች።

"በቃ፣ ጢው ካለ ተጫኚ! ሰው ከጠራሽ እስኪደግም ዝም በይ! አሁን ግቢ!"

እናቷን እንደዚያ ጮሃባት አታውቅም። አሁን ስታወራው ታለቅሳለች።

የሺሐረግ ገባች። በሩ ተዘጋ።

መጀመሪያ ሁሉም ደህና ነበር። ድምፅ ይላካል፣ መብራቱ ይበራል። ድምፅ ይላካል፣ መብራቱ ይበራል። አንድም ስህተት የለም። የዮአቭ ፊት እየጠቆረ ሄደ።

ከዚያ እጁን ከመሣሪያው አነሳ።

"አሁን ምንም አልልክም" አለ። "እናያለን።"

ኦርታል የግድግዳውን ሰዓት አየች።

አሥራ አራት ደቂቃ ይቀራል።

ጸጥታ...

በመስኮቱ ውስጥ እናቷ ቀና አለች። ወደ እነሱ አልነበረም የምታየው። ወደ ጎታው ጥግ ነበር። እዚያ ምንም የለም።

አውራ ጣቷ ቁልፉን ሊነካ ተጠጋ።

ኦርታል ወደ መስታወቱ ተጠጋች። "አትጫኚ... እባክሽ አትጫኚ..."

አልተጫነችም!

መብራቱ እንደጠፋ ቀረ። ኦርታል በደስታ ልትጮህ ነበር። እናቷ ግን ደርቃ ቀርታለች፤ ዓይኗን ከጥጉ አታነሳም።

"ምን ሆነች?" አለ ዮአቭ። "አናግሪያት። እዚህ እንዳትወድቅብኝ።"

ኦርታል ማይኩን ከፈተች።

"እማዬ?"

የእናቷ ፊት ወዲያው በራ። ፈገግ አለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በመስታወቱ ታየ። *አቤት።*

አውራ ጣቷም ቁልፉን ተጫነ።

ቀዩ መብራት በራ።

ድምፅዋ በማጉያው መጣ። "እሰይ! ስትደግሚ ነው እንግዲህ አቤት ያልሁሽ ልጄ። ፊተኛውንማ ዝም አልሁ።"

ኦርታል ወደ ማይኩ ጎንበስ አለች።

"እማዬ... እኔ አንዴ ነው የጠራሁሽ።"

የእናቷ ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ። ኦርታልን በመስታወቱ ተመለከተቻት። ሰው፣ ጥሎት ሊሄድ የተነሳን ሰው እንደሚያየው ዓይነት አስተያየት ነበር።

ቁልፉን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

መብራቱ ግን አልጠፋም።

ከዚያ በሩ ተከፈተና የሺሐረግ ወጣች። ቀጥ ብላ። ግድግዳ ሳትይዝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ድጋፍ አንዲት እርምጃ መራመድ ያልቻለችው ሴት በዮአቭ አጠገብ አልፋ ደረጃውን ብቻዋን ወጣች።

ዮአቭ የውጤት ወረቀቱን ከመሣሪያው ቀደደና ሰጣት። "አንቺ ስለጠራሻት የመጨረሻው አይቆጠርም። ጥናቱ ውስጥ ገብታለች" አለ፣ መራራ ነገር እንደዋጠ።

ኦርታል የፈለገችውን አገኘች። ግን እናቷን በአውቶቡስ ወደ ቤት ስትወስድ እጇን ያዘቻት፤ የእናቷ እጅ መልሶ አልያዛትም።

በማግሥቱ፣ ረቡዕ፣ ዐጋሚም ሰፈር ባለው ቤታቸው ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነበሩ። ቀትር ሲቃረብ የሺሐረግ ከሶፋው ተነሳች። ሳሎኑን አቋርጣ ግድግዳው ፊት ቆመች።

"እማዬ?"

አልዞረችም።

ስልኩ ጮኸ። ዮአቭ ነበር።

"ይሄ ቀልድ ነው?" አለ። "ማንን ነው ክፍሉ ውስጥ ያስገባሽው?"

"ማንንም። ቤቴ ነኝ።"

"ትናንት መሣሪያውን ስዘጋ የጠፋው መብራት አሁን በራ። በሩን ከፈትኩ... ባዶ ነው። ቁልፉ ወንበሩ ላይ ነው።"

ኦርታል ስልኩን እንደያዘች ግድግዳው ፊት ወደቆመችው ሴት ጀርባ ተጠጋች።

"እማዬ!" ብላ ጮኸች።

ሴትዮዋ አልተንቀሳቀሰችም።

"በራ!" አለ ዮአቭ። "አሁን በራ!"

ኦርታል ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች።

"እማዬ..." አለች በሹክሹክታ።

 ዮአቭም በሹክሹክታ፣ ያ ሰው ሊያለቅስ የደረሰ ይመስል፣ "እንደገና በራ..." አለ።

እናቷ እየመለሰችላት ነበር። በጠራቻት ቁጥር አቤት እያለች ነበር። እዚያ ጎታው ውስጥ ሆና።

"ኦርታል።"

ድምፁ የመጣው ከስልኩ አይደለም።

ግድግዳው ፊት የነበረችው ሴት ዞራለች። ፊቷ የእናቷ ነው። ድምፅዋ የእናቷ ነው። ፈገግ ብላለች።

የእናቶቻችን ልጆች ስንጠራ ዝም አንልም፤ እንደዚያ አላሳደጉንም። "አቤት" ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ኦርታል አፏን በሁለት እጇ አፈነች።

እንድትደግም ጠበቀች።

አልደገመችም።

ይህ ከሆነ ስምንት ወር አለፈው። ክሊኒኩ ክፍሉን ዘግቶ ቆልፎታል፤ ዮአቭ ሥራውን ለቋል። አባባ ጥላዬም ሆኑ ሌሎቹ እንደተለወጡ ናቸው። አክስቴ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ቀጥ ብላ ትራመዳለች። ሐኪሞቹ "ድናለች" ይላሉ።

ኦርታል ግን በየቀኑ ቀትር ላይ መኝታ ቤቷ ገብታ፣ አፏን በእጇ ይዛ ትቀመጣለች። እንድትደግም እየለመነች። ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ብትጠራት፣ እናቷ ናት ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት አብሬያት ነበርኩ። በዓይኔ አይቻለሁ።

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። አክስቴ ደፉ ላይ ቆመች።

"ኦርታል።"

አንዴ።

ከዚያ ቁልፍ እንደያዘ ሰው፣ ምንም የሌለበትን መዳፏን በአውራ ጣቷ እየተጫነች... እየለቀቀች... እየተጫነች... አቤት እንድትላት ጠበቀች።