ከኛ በፊት ያለፈችው መኪና

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ሻዬን ሳልጨርስ የምነሳ ሰው ነኝ። ሹፌር ነኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የወሎን ዳገትና ቁልቁለት ስወጣና ስወርድ የኖርኩ፣ ጎርፍ መንገድ ሲበላ አይቻለሁ፣ ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና ከኋላዬ ሲመጣ አይቻለሁ፣ ጂን ግን አላየሁም፣ አየን የሚሉትንም ወይ እንቅልፍ አጥተዋል ወይ ጫት አብዝተዋል እያልኩ ስስቅባቸው ነው የኖርኩት። አሁንም ጂን አየሁ እያልኳችሁ አይደለም። የገጠመኝን ብቻ ነው የምነግራችሁ፣ ስሙን እናንተ አውጡለት፣ እኔ ደክሞኛል።

መንገዱ ሰላም በነበረበት ሰሞን ነው። ኮምቦልቻ የሚኖሩ ሁለት እህትማማቾች አስጠሩኝ፣ ታላቋ እትዬ ዘርፌ፣ ታናሿ እትዬ ፋጡማ፣ የአንድ እናትና አባት ልጆች ናቸው፣ አንዷ ክርስቲያን አንዷ ሙስሊም፣ በኛ አገር ይሄ ብርቅ አይደለም። ከሟች እናቴ ጋር ጎረቤት ስለነበሩ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል።

«ይማም ልጄ፣» አሉኝ እትዬ ዘርፌ፣ «እኛ ወደ ትውልድ አገራችን የምንሄደው ለለቅሶ ብቻ ነው። አባታችን ሲሞት ሄድን፣ አጎታችን ሲሞት ሄድን፣ እያለቀስን ሄደን እያለቀስን ስንመለስ አገሩ ምን እንደሚመስል እንኳ አይተነው አናውቅም። ጉልበታችን ሳያልቅ አንዴ እንዲያው ለማየት ብቻ ውሰደን።»

«ሐይቁንም፣ መቅደላንም፣ በሽሎንም፣» አሉ እትዬ ፋጡማ ቀበል አድርገው፣ «ከዚያ መካነ ሰላም፣ ከዚያ ወግዲ ድረስ። ዓባይ ቁልቁል የሚታይበት ቦታ አለ ይላሉ፣ እሱን ሳላይ አልሞትም ብያለሁ።»

እውነቱን ልንገራችሁና የዚያን ዕለት ከአፋር በረሃ ሰው አድርሼ መመለሴ ነበር፣ ወገቤ የኔ አልመስል ብሎኛል፣ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስለኛል፣ ሁለት ቀን ብተኛ ደስ ይለኝ ነበር። እምቢ ለማለት ግን አፈርኩ። አሮጌዋን ደብል ጋቢናዬን አጥቤ፣ ዘይት ጨምሬ፣ ምክንያቱም ታንጠባጥባለች፣ በማግስቱ ወጣን።

መጀመሪያ ሐይቅ ሄድን። ጠዋት ነው፣ ውሃው ጸጥ ብሏል፣ እትዬ ዘርፌ ከማዶ ወዳለው ገዳም ዞረው ተሳለሙ፣ እትዬ ፋጡማ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩና እንደ ኮረዳ ሳቁ። ከዚያ ዓሣ ልንበላ ዳር ላይ ካለች ምግብ ቤት ገባን፣ አስተናጋጁ ገና ሲያየን ወንበር ሳበ።

«ዛሬም እዚያው ጥግ ነው የምትቀመጡት?»

«ከማን ጋር አምታተኸን ነው?» አሉት እትዬ ዘርፌ።

«ኧረ እትዬ፣ ትናንት እዚህ አልበላችሁም? እሳቸው እግራቸውን ነክረው፣ እርስዎ እየተቆጧቸው። ሹፌሩ ብቻ ሳይበላ ደክሞኛል ብሎ መኪና ውስጥ ተኛ።» ወደኔ ዞረ። «ተሻለህ ወንድሜ?»

ሳቅን። ሰው ከሰው ይመሳሰላል፣ ቱሪስት በበዛበት ቦታ ደግሞ ፊት ይምታታል። ዓሣው ጥሩ ነበር፣ ግን እመኑኝ፣ እኔ ሁለት ጉርሻ በልቼ አልወርድ አለኝ፣ ድካም ነው ብዬ ተውኩት። ወደ አርዲቦ ወጣን፣ ያቺ ከተራራው ሥር የተደበቀች ሐይቅ ናት፣ ሴቶቹ እያደነቁ ሲያዩ እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ አንቀላፋሁ።

በማግስቱ አጅባር ደረስን። የገበያ ቀን ነበር፣ በግና ፍየሉ፣ ጤፍና ስንዴው መንገዱን ሞልቶት በእግር ፍጥነት ነው ያለፍነው። አንዲት አሚና የምትባል ሻይ ሻጭ ዳስ ውስጥ እንደተቀመጥን ሴትዮዋ ቆጥ ላይ ያስቀመጠችውን የክር ኮፍያ አውርዳ ሰጠችኝ።

«አሚና አትታመንም እንዳትለኝ፣ ትናንት ረስተኸው ሄድክ።»

«የኔ አይደለም እታለም፣ የኔ ይኸው ራሴ ላይ አለ፣ ትናንት ደግሞ ሐይቅ ነበርኩ።»

ገልብጣ ውስጡን አሳየችኝ። ኮፍያዬን ባለቤቴ ናት የሠራችልኝ፣ መሃል ላይ ነጭ ክር አልቆባት በቀይ ነው የጨረሰችው፣ በዚያ ሁሌ እንሳሳቃለን። በሴትዮዋ እጅ ያለውም በቀይ የተጨረሰ ነበር፣ ቀዩ በዚያው ቦታ፣ ቋጠሮውም በዚያው። የራሴን አውልቄ ጎን ለጎን ያዝኩት። አሚና አየችና «ቢስሚላህ» ብላ የያዘችውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው፣ እጇንም በቀሚሷ ጠረገች። እኔም ሳልነካው ተነሳሁ።

«የኮፍያ ሠራተኛ አንድ ዓይነት ይሠራል፣» አልኳቸው መኪና ውስጥ።

«ባለቤትህ ናት የሠራችው አላልክም?» አሉ እትዬ ፋጡማ። ማርሽ አስገብቼ ነዳሁ።

ከሰዓት በኋላ መቅደላን ልናይ ወጣን። አምባው እንደ ቆመ ሰው ብቻውን ተገትሯል፣ ገደሉ ሥር ድረስ ይታያል፣ ከማዶ ሸለቆው ተዘርግቶ በሽሎ እንደ ክር ቀጥኖ ያበራል። ኩርባው ላይ ክላክስ ነፋሁ፣ የኔ ክላክስ ድምፁ ተሰንጥቆ እንደ ሽማግሌ ሳል ነው የሚወጣው፣ አንዴ ነበር የነፋሁት፣ ከታች ግን ሁለቴ መለሰ። ገደል ነው፣ የገደል ማሚቶ ነው አልኩ። እትዬ ዘርፌ ማተባቸውን ያዙ።

መንገድ ዳር አንድ አዛውንት ዱላቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ሰላም ስንላቸው ወደ ሴቶቹ ድምፅ ዞሩ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እናንተ ናችሁ? ያ ሹፌራችሁ እንዴት ሆነ?»

«ደህና ነው አባባ፣» አሉ እትዬ ፋጡማ ቀስ ብለው።

«አልሐምዱሊላህ። ትናንት እዚህ ድንጋይ ላይ አስቀምጣችሁ ውሃ ስታጠጡት ሰምቼው ትንፋሹን አልወደድኩትም ነበር። አሁን የሚነዳላችሁ ማነው?»

እኔ ሁለት ክንድ ርቄ ቆሜያለሁ። ቁልፉን ጨብጬ ወደ መኪናዋ ሄድኩ።

አጅባር አደርን፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ሴቶቹን እንመለስ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው፣ እነሱ ደግሞ እኔን እያዩ፣ አንተ ካልክ አሉ፣ እኔ ደግሞ በወሬ ተሸንፌ መንገድ ያቋረጥኩ መባልን ጠላሁ፣ እናም ቀጠልን። የአቀስታን ደጋ ስናቋርጥ ጉም ወረደ፣ ከጅባራው ዛፍ በቀር የሚታይ ነገር የለም፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ሴቶቹ ከኋላ ተደጋግፈው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከፊት ለፊት መብራት መጣ። መንገዱ ጠባብ ስለነበር ጥጌን ይዤ ቆምኩለት። ቀስ ብሎ አለፈ፣ የኔኑ ዓይነት ደብል ጋቢና ነው፣ ከኋላ ወንበር ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው አቀርቅረዋል፣ ከኋላ መጫኛው ላይ ሸራ የለበሰ ነገር አለ። ሲያልፈን ለምስጋና ክላክስ ነፋ፣ እንደ ሽማግሌ ሳል።

እትዬ ዘርፌ በእንቅልፍ ልባቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ነፍስ ይማር» አሉ።

ዞሬ ሳይ ጉሙ ዘግቶታል።

መካነ ሰላም ስንገባ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ግቢ ያለው አልጋ ቤት አገኘንና ገባን፣ ባለቤቷ ደልደል ያለች ሴት ናት፣ ከመኪና ስንወርድ አየችንና እየሮጠች መጥታ ሁለቱን እህትማማቾች በየተራ አቀፈች።

«እናቶቼን! ተመለሳችሁ? እግዜር ያጥናችሁ፣ አላህ ያጥናችሁ።»

«ማን ሞቶ ነው ልጄ?» አሉ እትዬ ዘርፌ።

ሴትዮዋ ፈቀቅ አለች። «ኧረ እትዬ፣ ሹፌራችሁ ነዋ! ትናንት ቀትር ላይ ሻይ ጠጥታችሁ ወደ ወግዲ አለፋችሁ፣ ሲመሽ ሬሳውን ይዛችሁ ስትመለሱ በሩን የከፈትኩት እኔ አይደለሁ? በኔ ጋቢ አይደለም የገነዝነው?»

«መኪናዋን ማን ነዳት?» ያልኩት እኔ ነኝ፣ ድምፄ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ መሰለኝ።

«ከወግዲ መንገድ ያገኛችሁት አንድ ደግ ሰው ነዋ፣ ዛሬ ንጋት ላይ ወደ ደሴ ይዟችሁ ወጣ።» ያኔ ነው በደንብ ያየችኝ። ፊቷ ራራ፣ እጇን ክንዴ ላይ አሳረፈች። «ወንድሙ ነህ? ውይ የኔ ወንድም፣ ቁርጥ እሱን ትመስላለህ።»

እትዬ ፋጡማ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ያን ሌሊት ሦስታችንም አንድ ክፍል ውስጥ አደርን፣ ነውር ነው ያለ የለም። እትዬ ፋጡማ ዱዓ ሲያደርጉ፣ እትዬ ዘርፌ ዳዊታቸውን ሲደግሙ፣ እኔ መሃላቸው እንደ ሕፃን ተጠቅልዬ ልቤን ሳዳምጥ ነጋ። በማለዳ ግቢ ወጣሁ። መኪናዬ ሥር ዘይት ተንጠባጥቧል፣ እሱን ለምጄዋለሁ፣ ግን ከጎኗ ባዶው ቦታ ላይም ሌላ የዘይት ጠብታ ነበር፣ ልኩ ያው፣ ገና ያልደረቀ።

አሁን ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ፣ ታፍሩብኛላችሁ። ወግዲ እንሄዳለን አልኩ። ፈርቼ ነበር፣ ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ድካሙ በለጠብኝ፣ እዚያ የሚጠብቀኝ ነገር ካለ አግኝቶኝ ይገላግለኝ ብዬ ሞተር አስነሳሁ።

እትዬ ፋጡማ ከጎማው ፊት ምንጣፋቸውን ዘርግተው ተቀመጡ።

«ይነሱ እትዬ።»

«አልነሳም።»

«ዓባይን ሳላይ አልሞትም አላሉም?»

«አላየውም እንግዲህ!» ብለው ጮሁብኝ፣ ሲጮሁ ሰምቻቸው አላውቅም። «ይቅር! ከዓባይ የምታመጣልኝ ሬሳህን ከሆነ ይቅር! እናትህ እኔን ነው አደራ ያለችኝ። መኪናህን ወደ ደሴ አዙራት፣ አለበለዚያ በኔ ላይ ሂድ።»

እትዬ ዘርፌም መጥተው ከእህታቸው ጎን ተቀመጡ።

አዞርኳት። መንገዱን ሙሉ የትም ቦታ አልቆምንም፣ ትናንት አይቻችኋለሁ የሚል ሰው እንዳይመጣብን መስኮት እንኳ አልከፈትንም።

ቤቴ ገባሁ፣ ባለቤቴ ከበሩ ተቀበለችኝ፣ ልጆቼ ተጠመጠሙብኝ፣ ይኸው አለሁ። ሐኪም ቤት ሄጄ ተመረመርኩ፣ ልብህም ሳንባህም ደህና ነው፣ ዕረፍት ያስፈልግሃል አሉኝ። አረፍኩ። ድካሙ ግን አልለቀቀኝም፣ ጠዋት ስነሳ ሌሊቱን ሙሉ ስነዳ ያደርኩ እየመሰለኝ ነው የምነሳው። ደብል ጋቢናዋን ሸጬ አሁን ከተማ ውስጥ ባጃጅ ነው የምነዳው። ወደዚያ የሚሄድ ሹፌር ባገኘሁ ቁጥር ስለዚያ ስለሞተው ሹፌር ልጠይቅ እልና እተወዋለሁ። ቢሉኝስ? አዎ፣ ደሴ ተቀብሯል፣ መቃብሩ እዚህ ቦታ ነው ቢሉኝስ?

እህትማማቾቹ ይደውሉልኛል፣ እትዬ ፋጡማ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ እትዬ ዘርፌ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ። ስለዚያ ጉዞ አንስተው አያውቁም፣ ጤናዬንም አይጠይቁም፣ አንዲት ቃል ብቻ ናት የሚሉኝ።

«አለህ?»

«አለሁ፣» እላለሁ።

ከዚያ ግን አይዘጉም። ዝም ብለው ያዳምጣሉ፣ ትንፋሼን ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም፣ እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ አብሬያቸው አዳምጣለሁ።