የሆዙሚ ሁለተኛ ገጽ

ኑ፣ ቀረብ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ድምፄ እንደ ድሮው ሩቅ አይሰማም። የማወራችሁ እዚሁ ወደባችን ላይ ስለሞተ አንድ ልጅ ነው። ሲሞት ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ለእኔ ግን ልጅ ነው። ስሙ ሆዙሚ ይባላል። በበረዶ ላይ ሲንሸራተት፣ ተነሥቶ አየር ላይ ሲሽከረከር ያየው ሰው ትንፋሹን ውጦ ይቀር ነበር። ግማሹ ከተማ ይኮራበታል፣ ግማሹ አፉን ያጣምምበታል፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን የሚያደርግም ነበረ።

ዓርብ ጠዋት የበረዶው አዳራሽ ሲከፈት ሬሳው ተገኘ። ከላይኛው ሰገነት ሥር፣ ከበረዶው ዳር ባለው ሲሚንቶ ላይ ተዘርሯል። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። እግሩ ላይ ነጭ ካልሲ ብቻ። የመንገድ ጫማዎቹ ሰገነቱ ጫፍ፣ መደገፊያው ብረት ሥር፣ ጎን ለጎን ተስተካክለው ተቀምጠዋል፤ እኛ ዘንድ ራሱን የሚወረውር ሰው እንደሚያደርገው። ጫማዎቹ ላይ አንድ ወረቀት ነበረ፣ ከጎናቸው ደግሞ የትከሻ ቦርሳው። ቦርሳው ውስጥ ሮዝ ከረጢት ተገኘ፤ ሊፒስቲክና የፊት ዱቄት ያለበት።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ይህን ውሸት ከዚህ በላይ ተሸክሜ መኖር አልችልም። ያደረግሁት ወንድ አይደለም እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ስላደረስኩብህ መከራ ይቅር በለኝ። ሆዙሚ።»

የሰፈሩ ፖሊሶች ከአንድ ሰዓት በላይ አልቆዩም። «እነዚህ የበረዶ ዳንሰኞች ያው ታውቃቸዋለህ» አለ አንደኛው። ሌላው ራሱን ነቀነቀ። መዝገቡ ተዘጋ።

ያልተዘጋው የአባቱ ልብ ነው። ኪሃቺ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ በወጣትነቱ የበረዶ ሆኪ ተጫውቶ ሦስት የፊት ጥርሱን እዚያው ትቷል። የዚያኑ ቀን ጣቢያ ገብቶ ከመርማሪዋ ከኦሪካሳ ጠረጴዛ ፊት ቆመ። ኦሪካሳ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ አጭር፣ የደረቀ ዓሣ እያኘከች የምታስብ ሴት ናት።

«ነገ ከሰዓት በኋላ ሬሳው ይቃጠላል» አለ ኪሃቺ። «ከዚያ በፊት አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ።»

«ይቀመጡ መጀመሪያ።»

«አልቀመጥም። ረቡዕ ዕለት ደውሎ፣ ‹አባባ፣ እሑድ ትርኢቱ ላይ ና፤ ሰው ፊት የምናገረው ነገር አለኝ› አለኝ። የምፈራውን ሊናገር መሰለኝ። ‹ወንድ ከሆንክ አፍህን ዝጋ፤ ካልሆንክ ደጄን እንዳትረግጥ› ብዬ ዘጋሁበት።» እጁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨመቀ። «እኔ ነኝ የገደልኩት? ይኼንን ብቻ።»

ኦሪካሳ ማኘኳን አቆመች። «አላውቅም» አለች። «እስከ ነገ አውቃለሁ።»

መጀመሪያ የሄደችው ሬሳው ወዳለበት ነው። ፊቱን ብዙም አላየችም፤ የካልሲዎቹን ሥር አየች። ንጹሕ ነጭ። ከዚያ ወደ ሰገነቱ ወጣች። ሰገነቱ ለዕድሳት ከተዘጋ ሳምንቱ ነው፤ ሠራተኞች የመደገፊያውን ዝገት ሲፍቁ ሰንብተው ወለሉን ቀይ ዱቄት አልብሰውታል። ሁለት እርምጃ ተራምዳ ጫማዋን ገለበጠች፤ ቀይ። የሆዙሚን ጫማዎች ከማስረጃው ከረጢት አስወጥታ ገለበጠች፤ ሲቀመጡ የነካቸው ስስ ብናኝ እንጂ የተረገጠ ቀይ የለም።

«የዚህ በር ቁልፍ ማን ጋ ነው?» አለች ለዘበኛው።

«ሁለት ሰው ጋ ብቻ። አንዱ የአዳራሹ ኃላፊ አቶ ጎንዶ ጋ፤ አንዱ በረዶውን የሚጠርገውና የመንሸራተቻ ጫማ ስለት የሚሞርደው ሳኩያ ጋ።»

አሠልጣኙን ኩራሞቺን ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አገኘችው። ስድሳ ዓመት የሞላው፣ በወጣትነቱ ራሱም በበረዶ ላይ የዘለለ ሰው ነው። ሮዟን ከረጢት አሳየችው።

«የሆዙሚ ናት?»

ኩራሞቺ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የለቅሶ ያህል ነበር። «ይቺ? የሊፒስቲኩ ማሸጊያ እንኳ አልተቀደደም! የሆዙሚ ያውልዎት።»

መደርደሪያው ላይ ስም የተጻፈባቸው ሣጥኖች ተደርድረዋል። የሆዙሚ አሮጌ ቆርቆሮ ነው፤ የመንጠቆ ማስቀመጫ የነበረ።

«የአባቱ ነበር። እስከ ዛሬ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ‹አንተ፣ ለዳኞቹ ነው ለድመቶቹ የምትኳለው?› እያልን እንስቅበት ነበር።»

«ወንዶቹ ሁሉ ይቀባሉ?»

«መብራቱ ሬሳ ያስመስለናላ! እኔ ሦስት ልጅ ወልጄ እየተኳልኩ ነው የዘለልኩት። እዚህ ቤት ዱቄት መቀባት ጫማ እንደማሰር ነው። የሚገርመው ውጭ ላለው ሰው ብቻ ነው። የሆኪዎቹ ልጆች በዚህ በር ሲያልፉ ‹እህቶቻችን፣ ደኅና አደራችሁ?› ይሉናል።»

«ሆዙሚስ ሰዎች የሚሉት ዓይነት ነበር?»

«ጠይቄው አላውቅም። ከሴት ልጅ ጋር ሲያዩት ለማስመሰል ነው ይላሉ፤ ብቻውን ሲያዩት አላልናችሁም ይላሉ። እኔ የማውቀው ጉልበቱን ነው።» ድምፁን ቀነሰ። «ሐሙስ ልምምዱን በጊዜ ጨርሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ኮት ለበሰ። ‹እሑድ ከመናገሬ በፊት አስቀድሜ ላሳየው የሚገባ ሰው አለ› አለኝ። አባቱ መስሎኝ ‹በርታ› አልኩት።»

ሳኩያ መሞረጃው ላይ ጎንበስ ብሎ የትንሽ ልጅ ጫማ ስለት እያሾለ ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው።

«ወረቀቱን አንብበሃል?» አለችው ኦሪካሳ።

«አንብቤአለሁ።»

«ጥጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈ «2» አለበት። ሁለተኛ ገጽ ነው ማለት ነው። አንደኛው የለም። ለማን ነበር የተጻፈው?»

ሳኩያ ማሽኑን አጠፋ።

«ለእኔ ነው።»

ከዚያ ነገራት። ከዐሥር ዓመት በፊት የዚህ አዳራሽ ኮከብ እሱ ነበር። አንድ ቀን ጎንዶ ጠርቶት አንድ ወረቀት አነበበለት፤ የዐሥራ አምስት ዓመቱ ሆዙሚ «ሳኩያ ልብስ መቀየሪያ ውስጥ ነካካኝ» ብሎ ፈርሞበታል። ክስ የለም፣ ችሎት የለም። ሳኩያ ከውድድር ወጣ፤ ስሙም ከወደቡ እስከ ኮረብታው አፍ ላይ ወደቀ። ሌላ የሚያውቀው ሥራ ስላልነበረው በረዶ ጠራጊ ሆኖ ቀረ፤ ጎንዶም «በደግነት» ቀጠረው።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ወረቀቱ ላንተ መሆኑን ብትናገር ምን ነበረበት?»

«ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ሬሳውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ቂም አለው ይሉኛል።» ቀና ብሎ አያት። «ሰው ስለ እኔ ከሚያወራው ግማሹ እውነት ነው። የምወደው ወንድ ነው፤ ዋሽቼም አላውቅም። ልጅ ግን ነክቼ አላውቅም። እነሱ ሁለቱን አይለዩም። እርስዎ ይለያሉ?»

«እለያለሁ» አለች ኦሪካሳ። ሳኩያ የትንሹን ልጅ ጫማ አነሣና ስለቱን በጨርቅ ጠረገ።

ጎንዶ ቢሮው ውስጥ ሻይ አስቀርቦ ተቀበላት። ግዙፍ፣ ሳቂታ፣ ግድግዳውን የሆኪ ዋንጫ የሞላው ሰው ነው፤ በሚቀጥለው ወር ለከንቲባነት ይወዳደራል። ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከበሩ ፊት ጠባብ የሲሚንቶ ደረጃ ይወርዳል።

«አሳዛኝ ነው፣ እመቤቴ። የነዚህ ልጆች ልብ ብርጭቆ ነው። ሆኪ ቢጫወት ኖሮ ጥርሱ ይወልቅ ነበር እንጂ አይሞትም ነበር!»

«ስለሞቱ ጥርጣሬ የለዎትም?»

«ምን ጥርጣሬ አለው? ቦርሳው ውስጥ የተገኘው ብቻውን ይናገራል።»

«ምን ብሎ ይናገራል?»

«አያሳፍሩኝ እንግዲህ፣ እመቤቴ» አለና ሻይዋን አቀረበላት። ኦሪካሳ ጠጥታ፣ አመስግና ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት አራቱን ከበረዶው ዳር አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻቸው፤ አባትየውን፣ አሠልጣኙን፣ ሳኩያንና ጎንዶን። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ኪሃቺ የሐዘን ልብሱን እንደለበሰ ነው፤ ዓይኑ ከመርማሪዋ አፍ አይነቀልም።

«ሆዙሚ ራሱን አልገደለም» አለች ኦሪካሳ። «ሰገነቱ በዝገት ዱቄት ተሸፍኗል። ጫማውም ካልሲውም ዱቄቱን አልረገጠም። ካልበረረ በቀር እዚያ አልወጣም። የሞተው ሌላ ቦታ ነው፤ ሬሳውን ሰገነቱ ሥር ያመጣው፣ ጫማውንም ላይ ያወጣው ሌላ ሰው ነው። ሰገነቱን ለመክፈት ደግሞ ቁልፍ ያስፈልጋል።»

«ቁልፍ ያለው እሱ ነው!» አለ ጎንዶ ወደ ሳኩያ እየጠቆመ። «እንደዚህ ዓይነት ሰዎች በመካከላቸው ሲጣሉ—»

«ቁልፍ ያለው እርስዎም ነዎት። ትንሽ ይታገሡኝ።» ሮዟን ከረጢት አግዳሚው ላይ አኖረች። «ይቺን ቦርሳው ውስጥ የከተተ ሰው የምታስደነግጥ መስሎታል። አቶ ኩራሞቺ፣ እርስዎን አስደነገጠችዎት?»

«ምኗ ያስደነግጣል?»

«ሳኩያ?»

«እኔም ሣጥን ነበረኝ። ከሆዙሚ ሣጥን ጎን።»

«አያችሁ፤ በበረዶ ላይ ለሚዘልል ሰው ይቺ ምንም አትናገርም። ትናገራለች ብሎ ያመነ ሰው ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አንድም ቀን አብሯቸው አልተቀመጠም። ይህ ሳኩያንም አቶ ኩራሞቺንም ያወጣል። የሚቀሩት ሁለት የሆኪ ሰዎች ናቸው።»

ኪሃቺ አልተንቀሳቀሰም። «እኔ ቁልፍ የለኝም» አለ በቀስታ።

«የለዎትም። አሁን ልጅዎ ሐሙስ የት እንደሄደ ልንገርዎ። በእኛ ከተማ ጨዋ ሰው አለቃውን በአደባባይ አያስደነግጥም፤ የሚናገረውን ቀድሞ ለብቻው ያሳየዋል። ሆዙሚም እንደዚያው አደረገ። ሁለት ገጽ ደብዳቤ ይዞ፣ ኮት ለብሶ፣ ወንድ የሚወድ ኮከብ አዳራሹ ውስጥ እንዳይቀር ያን የሐሰት ወረቀት ያስፈረመው ሰው ቢሮ ወጣ። ‹ካልፈረምክ አንተም እንደሱ ነህ ይሉሃል› ብሎ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያስፈራራው ሰው ጋ። ከዚያ ቢሮ በር ላይ ደረጃው ገደል ነው።»

«የት አለ አንደኛው ገጽ?» አለ ጎንዶ። ፊቱ ላይ ሳቁ እንዳለ ነበር፤ ላቡ ግን በጆሮው ሥር ወረደ። «ማስረጃ የለዎትም!»

«ገጹ ተቃጥሎ ይሆናል። በባቡር ጣቢያው መንገድ ያለችው የመኳኳያ ሻጭ ግን ትናገራለች። ሐሙስ ሱቋ ሊዘጋ ሲል አንድ ግዙፍ ሰው ‹ለሚስቴ ነው› ብሎ ሊፒስቲክና ዱቄት ገዛ። ባለቤትዎ ካረፉ ስንት ዓመታቸው ነው፣ አቶ ጎንዶ?»

ኦሪካሳ ወደ አባትየው ዞረች፤ ከዚህ በኋላ ያለውን መናገር እንደከበዳት ድምፅዋ ያስታውቃል።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ይገባል። ስለ ልጅዎ የሚፈሩትን ለማን ተናግረው ያውቃሉ?»

«ለማንም።» ከዚያ ቀስ ብሎ አንገቱን አዞረ። «ለጎንዶ። ዘንድሮ ክረምት መጠጥ ቤት። ‹ልጄ እንደዚያ እንዳይሆን ሰጋሁ› አልኩት። አብሮኝ ያደገ ነው። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ‹አይዞህ› አለኝ።»

«ይህ ሁሉ የተደረደረው ለፖሊስ አልነበረም» አለች ኦሪካሳ። «ለእርስዎ ነው። አባት ካመነና ካፈረ፣ ሌላው አይጠይቅም።»

«ለመንኩት እኮ!» ጎንዶ ከአግዳሚው ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ኪሃቺ፣ ሙት ለመንኩት! ‹ያለፈ ነገር ነው፣ እንደ ወንድ ዝም በል› አልኩት። ‹ዐሥር ዓመት እንደ ወንድ ዝም ብያለሁ፣ በቃኝ› አለኝ። በእጄ ብቻ ገፋ አደረግሁት። ወንድ ቢሆን ዝም ይል ነበር!»

ኩራሞቺ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ፖሊሶቹ ጎንዶን በሁለት በኩል ይዘውት ወጡ።

«ራሱን አልገደለም» አለ ኪሃቺ።

«አልገደለም።»

«እኔ አይደለሁማ።»

ኪሃቺ ግን መልሱን ራሱ አገኘው፤ ጎንዶ የተማመነው በእሱ እፍረት ነው። ከዚያ ተነሥቶ ሳኩያ ፊት ሄዶ ቆመ፤ ግንባሩ ጉልበቱን እስኪነካ ድረስ ጎንበስ አለ።

«ከሰዓት በኋላ ና» አለው። «ከአመዱ አጥንቱን አብሮኝ የሚያነሣ ሁለተኛ ሰው የለኝም። እናቱ የለች፣ ወንድም የለው።»

«ከተማው ያይዎታል» አለ ሳኩያ።

«ይየኝ።»

መቃጠያው ውስጥ አመዱ ገና ትኩስ ነበር። እንደ ወጉ ሁለቱ ረጃጅም እንጨቶቻቸውን ይዘው፣ ከእግር ጀምረው፣ እያንዳንዱን አጥንት በጋራ እያነሡ ማሰሮው ውስጥ ማኖር ጀመሩ። የኪሃቺ እንጨት ጠንካራ ነገር ነካና ቀጨል አለ። ከቁርጭምጭሚቱ አመድ ውስጥ ስድስት የጠቆሩ ብሎኖች ወጡ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ብሎን ነው፣ አባት። የዛሬ ሦስት ዓመት እግሩ ተሰብሮ በብረት ገጥመውት ነበር። በአምስተኛው ወር በዚያው እግሩ ዘለለ።»

«እኔ ሳላውቅ?»

ኪሃቺ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ለቅሞ መዳፉ ውስጥ አስቀመጣቸው፤ ያቃጥሉት ነበር፣ አልለቀቃቸውም። ድምፅ ሳያወጣ አለቀሰ፤ ሳኩያም እንጨቶቹን ለሁለቱም ይዞ ቆመ።

እንግዲህ ይኸው ነው፣ ልጆቼ። ሆዙሚ ማንን ይወድ እንደነበር አልነገርኋችሁም፤ አላውቀውም፣ መርማሪዋም አንዴ ጠይቃ ተወችው። ስሙ በተነሣ ቁጥር ግን፣ እባካችሁ፣ ይህችን ብቻ አስታውሱልኝ፤ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ፈርቶ ያጠፋውን በሃያ አምስት ዓመቱ ሊያቃና ፀጉሩን አበጥሮ ሄደ።