የአዴ ወርቅቱ ቴፕ

ይህን ከሰው አልሰማሁትም። በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ያየሁትም ሰዓት ይዤ ነው።

አምቦ፣ ነሐሴ 1981 ዓ.ም.። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል።

ያኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ የመብራት ቆጣሪ አነብ ነበር። በጉደር መውጫ፣ መንገድ ዳር፣ አዴ ወርቅቱ የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ነበሩ። ቤታቸው ውስጥ መብራት የሚበላው አንድ አምፖልና አንድ ቴፕ ብቻ ነው።

ቴፑ የልጃቸው የቀንዓ ነው። ቀንዓ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሲሄድ፣ «እስክመለስ እንዳታጠፊው» ብሏቸዋል። ቀልዱን ነበር። እሳቸው ግን እንደ አደራ ያዙት።

ካሴት የለበትም... ድምፅ የለውም... ቀይዋ መብራት ብቻ ሌት ተቀን ትበራለች።

ጎረቤታቸው ባየሽ «ሳይዘፍን የሚከፈለው አዝማሪ» እያለች ትስቅባቸው ነበር።

የቀንዓ ደብዳቤ ከቀረ ስምንት ወር ሆኖታል። የመብራቱ ሂሳብ ግን በየወሩ ይጨምራል። በጎቻቸው ተሸጠው አለቁ። ካልከፈሉ ቅዳሜ መስመሩ ይቆረጣል።

እንዲህ ያለ ቴፕ ቢበዛ የአንድ ትንሽ አምፖል ያህል ነው የሚበላው። ስለዚህ አምፖሉን አጠፋሁና ቆጣሪው ውስጥ የምትዞረውን ክብ ብረት በሰዓቴ ለካሁ።

ሰባት ደቂቃ ሊፈጅባት የሚገባውን ዙር... በአርባ ሴኮንድ ጨረሰች።

ደግሜ ለካሁ። አርባ።

«አዴ፣ ሌላ የተሰካ ነገር አለ?»

«ምን አለኝ ብለህ ነው፣ ልጄ?»

ቴፑን ልንቀለው አልኳቸው። ጥፋቱ የቆጣሪው ከሆነ ሂሳቡ እንዲታረም አመለክትላቸዋለሁ። እምቢ አሉ። ብዙ ለመንኳቸው።

በመጨረሻ በሹክሹክታ፣ «አንድ ደቂቃ... ከዚያ እንዳታሳልፍ» አሉኝ።

ነቀልኩት። ቀይዋ መብራት ጠፋች።

ወጥቼ ቆጣሪውን አየሁ። ይዞራል።

ዋናውን ማጥፊያ ዘጋሁ።

ይዞራል... ግን እየዘገየ።

ስመለስ አዴ ወርቅቱ መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ አድርገው ቆመዋል። የስፒከሩ ጨርቅ ወደ ውስጥ ይገባል... ይወጣል። ይገባል... ይወጣል። የተኛ ሰው ደረት ይመስላል።

«መልሰው» አሉኝ። «ልጄ፣ ቶሎ መልሰው።»

ሮጬ ማጥፊያውን ከፈትኩ። ገብቼ ሶኬቱን ሰካሁ።

ቀይዋ መብራት አልበራችም።

ጨርቁ ወደ ውስጥ ገባ...

አልወጣም።

«ስንት ሆነ?» አሉኝ።

ሰዓቴን አየሁ። መዋሸት አልቻልኩም።

«ሦስት ደቂቃ።»

አላለቀሱም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ቴፑን ቀስ ብለው ሸፈኑት፤ ጫፍና ጫፉን አስተካከሉ።

መርዶ ይዞ የመጣ ሰው የለም። እሳቸው ግን መሬት ላይ ተቀመጡ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነጠላውን አየሁ። ከሥሩ ያለው ቅርጽ...

የቴፕ አልነበረም፤ የሰው ደረት ነበር።