ዝናብ የሚጠጣው እጀታ

ማመን የማይፈልግ ካለ ከአሁኑ ይለፈው። እኔ በገዛ አፍንጫዬ ያሸተትኩትን፣ በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ስጽፈው ራሱ ደሜ እየፈላ ነው።

ነሐሴ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

እኛ ጣልያን አገር፣ ሰርዲኒያ ደሴት ተራራ ላይ በዚያ ሰዓት መስኮት ሁሉ ተዘግቶ ይተኛል። ውሻ እንኳ አይጮህም። ሽማግሌዎቻችን ከሌሊት ይልቅ ይህን ሰዓት ነው የሚፈሩት፤ ሙታን የሚመላለሱበት ነው ይላሉ።

መንደሩ በሙሉ ሰንጢ ሠሪ ነው። አባቴ ባይንዙ ዕድሜውን የፈጀው በዚሁ ሥራ ነው። የራሱን ሰንጢ እጀታ የሠራው ጡጦ አጥብቶ ካሳደገው አውራ በግ ቀንድ ነበር።

"ቀንድ እንደ ጥፍር ነው" ይል ነበር። "በጉ ከሞተ በኋላም ዝናብ ይጠጣል።"

እውነቱን ነው። ዝናብ ሲጥል እጀታው ያብጥና ሰንጢዋ አልከፈት ትላለች። አባባ እየታገለ ይስቅባታል።

"ዛሬም ሰከርሽ እንዴ?"

ሊሞት ሲል እጄን ያዘኝ። "ዞሴፓ... ይህቺ ሰንጢ ከገበታዬ እንዳትነሳ።"

"አትነሳም አባባ" አልኩት።

ቃሌን ሰጠሁ። ከዚያ ወዲህ በእሱ ቦታ፣ ከዳቦው አጠገብ ትቀመጣለች።

ታናሽ ወንድሜ ኮስታንቲኑ ግን ሌላ ሰው ነው። ፕላስቲክ አቅልጦ፣ ቀለም አደባልቆ፣ የቀንድ መስመር አስመስሎ እጀታ ያወጣል። ከዚያ "የአውራ በግ ቀንድ ነው" እያለ ለቱሪስት ይሸጣል። በዚህ ስንት ጊዜ ተጣልተናል!

ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ በነሐሴ ያልተለመደ ዶፍ ሲወርድ ነበር። ምሳ ላይ አይብ ልቆርጥ የአባባን ሰንጢ አነሳሁ።

ተከፈተች...

ምንም ሳታስቸግር። በዝናብ!

እጀታውን አየሁት። መስመሩ ያው ነው፣ ቢጫውም ያው። ግን መዳፌ ውስጥ አልሞቅ አለ።

"ኮስታንቲኑ! የአባባ ሰንጢ የት አለች?"

"እጅሽ ላይ አይደለች እንዴ?"

"እኔን ልታሞኝ ነው?"

አፉ ሙሉ ዳቦ ይዞ ሳቀ። "እታለም፣ ሰውዬው የድሮ ሰንጢ ሰብሳቢ ነው። ከሚላኖ ድረስ መጥቶ ወሰዳት። መስታወት ውስጥ ያስቀምጣታል፤ እዚህ አይብ ስትገማ ከምትኖር አይሻልም?"

"ሸጥካት?"

"ምትኳን ሠርቼ የለ! አባባ ራሱ ቢነሳ አይለያትም።"

ይህን ሲናገር በአባባ ወንበር ላይ ነበር የተቀመጠው። አፈር ያስበላህ አልኩት። እሱ ግን ተንጠራርቶ ተነሳና ወደ መኝታ ቤት ገባ።

"ልተኛ ነው፣ አትጩሂ።"

መርፌ አመጣሁ። ሰንጢ ሠሪ ቤት ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የጋለ መርፌ ቀንድ ሲነካ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ፕላስቲክ ሲነካ ደግሞ የተቃጠለ ፌስታል። ሽታውን አፍንጫው ሥር ወስጄ ላሳፍረው ነበር ያሰብኩት።

መርፌውን ምድጃው ላይ አጋልኩት። እጀታው ላይ ጫን አደረግኩት።

ጭስ ወጣ...

ፀጉር ሸተተ።

ተሳስቼ ይሆን? ሰንጢዋን ደግሜ አገላበጥኩ። ፕላስቲኩ የተጋጠመበት መስመር እዚያው አለ።

"እታለም..." አለኝ ከውስጥ፣ በሹክሹክታ።

"ምንድነው?"

"ምን እያቃጠልሽ ነው?"

"ምንም።"

"እዚህ... ፀጉር ይሸታል። አልጋዬ ላይ።"

ንዴቴ አልበረደም ነበር፣ አልዋሽም። መርፌውን እንደገና አጋልኩት። አሁን በደንብ ወጋሁ።

ጩኸቱ ግድግዳውን አናወጠው።

ሮጬ ገባሁ። አልጋው ላይ ተቀምጦ የቀኝ አውራ ጣቱን ጨምቆ ይዟል። ጥፍሩ ላይ ሁለት ጥቁር ቀዳዳዎች አሉ። ከአንደኛው ቀጭን ጭስ ይወጣል።

"ምን አደረግሽኝ?"

"አንተ ምን አደረግክ?" አልኩት። "ሂድና አምጣት!"

ወደ ሚላኖ ስልክ ደወለ። ሰብሳቢው ሳቀበት። "የገዛሁትን አልመልስም" ብሎ ዘጋበት።

ይኸው ጥቅምት ገባ። የአገራችን የዝናብ ወራትም ገባ።

የፕላስቲኩ እጀታ አበጠ። ፕላስቲክ ውኃ እንደማይጠጣ ሕፃን ያውቃል! እኔ ግን በሁለት እጄ ብስበው አልከፈት አለኝ።

የኮስታንቲኑም ጥፍሮች ወፈሩ። ቢጫ ሆኑ፣ መስመር አወጡ፣ ወደ ውስጥ መጠምዘዝ ጀመሩ። መቀስ አይቆርጣቸው፣ ሞረድ አይበላቸው። ሰው እንዳያየው ብሎ ከቤት መውጣት ትቷል።

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ገበታው ላይ ተቀመጠ። ያቺን ቀኝ እጁን ከዳቦው አጠገብ፣ ልክ ሰንጢዋ ከምትቀመጥበት ቦታ አጋደማት።

"እታለም... እጄን ልጨብጥ አልቻልኩም" አለኝ እያለቀሰ። "እስቲ ዘርጊልኝ።"

ተናድጄበታለሁ፣ ግን ወንድሜ ነው። ጣቶቹን ይዤ ሳብኩ። ቀዝቃዛ ናቸው፣ ረጥበዋል። አልንቀሳቀስ አሉ።

ውጭ ዝናቡ ይወርዳል።

ከኋላዬ የአባባ ወንበር ሲጥ አለ። አንድ ሰው ቀስ ብሎ ሳቀ።

"ዛሬም ሰከርሽ እንዴ?"